ውሃ የጠጣው ሞተር

የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ የጀልባ መካኒኩን «አትንኩ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «አትንኩ! አትንኩ አልኩ እኮ!» እያለ ሲጮህ የሚውልን ሰው በሌላ ስም መጥራት ሰፈሩን ከበደው። ደንበኛ ካቻቢቴ ቢያነሳ አትንኩ። ልጆች አሮጌ ጎማ ላይ ቢቀመጡ አትንኩ። አንድ ቀን ሚስቱ የገዛ ድስቷን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣ ለካ እሱ ቡሎን በናፍጣ ዘፍዝፎበት ኖሮ፣ እንዴት አድርጎ ቢጮህባት ጥሩ ነው? ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ጫማውን ሳያጠልቅ ሮጦ መጣ።

በሥራው አይታማም። የጀልባ ሞተር ገና ከሩቅ ሲመጣ ሰምቶ የትኛው ካንዴላ እንደደከመ ይናገራል፤ አይሳሳትም። ችግሩ እጁ ላይ ሳይሆን ምላሱ ላይ ነው። ሲሠራ ሰው አጠገቡ እንዲተነፍስ እንኳ አይፈልግም። ሊረዳው የመጣውን ያባርርና መልሶ «ብቻዬን ጣላችሁኝ!» ብሎ ያማርራል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መኖር ምን ማለት እንደሆነ ሚስቱንና ታናሽ ወንድሙን መጠየቅ ነው።

ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው። አባታቸው ሲሞት ልጁ ገና አፉን በደንብ ያልፈታ ሕፃን ነበር፤ አሁን ጢም አብቅሎ ጀልባ ይነዳል። ሰውና የዓሣ ሣጥን ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ያመላልሳል። ትልቁ ሞተሩን ይጠግናል። ይህ የሥራ ክፍፍል ደግሞ እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ አትንኩ ውሃ ይፈራል። ዕድሜ ልኩን የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ውሃው ከጉልበቱ ካለፈ ፊቱ አመድ ይመስላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ በፊቱ የሚያነሳው ግን የለም።

ታናሹም በበኩሉ የሚነዳውን ሞተር ኮፈን ከፍቶ አያውቅም። ሞተሩ ሐይቁ መሃል ካስነጠሰበት ትእዛዙ የታወቀ ነው፤ አጥፋ፣ መቅዘፊያህን አንሳ፣ ቀዝፈህ ና። ስንቴ ፀሐይ አናቱ ላይ ወጥታ፣ ተሳፋሪ እየተነጫነጨበት፣ ክንዱ እስኪዝል ቀዝፎ መጥቷል! ዳር ሲደርስ አትንኩ ኮፈኑን ያነሳና ነካ ነካ አድርጎ ሲያበቃ «ይቺ ናት» ይላል። ታናሹ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያያል። ማየት አልተከለከለም።

ያ ማዕበል የመጣው አትንኩ በሌለበት ነው። የታመመ አጎቱን ሊጠይቅ ሩቅ ከተማ ሄዶ ነበር። ነፋሱ ሐይቁን ሲያምሰው አድሮ ሲነጋ ጀልባዋ በታሰረችበት ሰጥማ፣ ከውሃ በላይ የቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነበር። ታናሹ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ፣ በገመድ አስሮ፣ ጎትቶ ከነሞተሯ አወጣት። ከዚያ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ ሰጥማ ነበር። ሞተሩ ውሃ ገብቶበት...»

«ምን አልክ?»

«ሞተሩ ውሃ...»

«እንዳትነካው! ሰማኸኝ? እኔ ሳልመጣ አንዲት ቡሎን ብትፈታ ውርድ ከራሴ! ማንም ሰው እንዳይነካው!»

«እሺ፤ ግን አሁን ካወጣነው በኋላ...»

ስልኩ ተዘግቷል። አትንኩ ዕለቱኑ ሊነሳ ፈልጎ ነበር፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ መኪና አጣ። በመሃሉ እየደወለ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማንም አልነካውም አይደል?»

«ማንም አልነካውም።»

«ጎበዝ።»

በመጨረሻ መንገዱ ተከፍቶ ሲደርስ ቤቱ እንኳ አልገባም። በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። ሞተሩን ማቆሚያው ላይ አቁመው፣ ሸራ አልብሰው፣ እንደ ታማሚ ከንፋስ ከልለው አስቀምጠውታል። ሸራውን ገለጠ፤ ኮፈኑን አነሳ። ውስጡ ቀይ አፈር የነሰነሱበት ይመስል ዝገት በዝገት ሆኗል። የማስነሻ ገመዱን ጨብጦ ሳበ። ገመዱ ግንብ ላይ የታሰረ ያህል ንቅንቅ አልል አለ።

«ካንዴላዎቹን አልፈታችኋቸውም?»

«አልፈታንም» አለ ታናሹ።

«ውሃውን አላፈሰሳችሁም? ዘይትስ አላንቆረቆራችሁበትም? ኧረ እሺ፣ ጭቃውን እንኳ አላጠባችሁም?»

ታናሹ የአትንኩን ሚስት አየ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ደጅ የተቀመጠችውን ዓሣ ነጋዴ አየች። ዓሣ ነጋዴዋ፣ ወሬ ካለ የማትጠፋው፣ ከሣጥኗ ላይ ሆና ሐይቁን አየች።

«መልስ ስጠኝ እንጂ!»

«አትንኩ ብለህ ነዋ» አለ ታናሹ።

አትንኩ ደሙ ፈላ። ውሃ የጠጣ ሞተር ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ብዙም አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ወጥቶ አየር ሲያገኘው ነው። ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር ከፍተህ፣ ውሃውን አፍስሰህ፣ ዘይት ካላጠጣኸው ዝገት ይቀድምሃል። ይህን ለማንም አስተምሮ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ሁሉም ከእናቱ ሆድ ይዞት እንደወጣ ዕውቀት ነው የጠየቃቸው።

«አውጥታችሁ እንዲህ ከምታቆሙት እዚያው ሐይቁ ውስጥ ብትተዉት በተሻለኝ ነበር!»

«እኛ ደግሞ ጀግና የሆንን መስሎን!» አለች ዓሣ ነጋዴዋ ቀስ ብላ።

አመሻሽ ላይ ቤት ሲገባ በሩ ሥር አንድ ሻንጣ ቆሟል። እግሩን ሊያደናቅፈው ምንም አልቀረው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የኔ ነው» አለ ታናሹ። «ጓደኛዬ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶልኛል። ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«ምን ጎደለብህና?»

«ሞተር የሌለው ጀልባ ላይ ምን ልሠራ ጋሼ? ቁጭ ብዬ እጅህን ልይ?»

«ይነሳል! ከሰኞ በፊት ይነሳል አልኩህ!»

«ከተነሳ ያኔ እናወራለን።»

አትንኩና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም፤ ልጃቸው ይሄው ሻንጣውን ያቆመው ነው። ይህ ልጅ ከሄደ ጀልባዋን የሚነዳት አይገኝም ማለት ትንሹ ነገር ነው። ማታ ማታ ይህን ጠባብ ቤት የሚሞላው ሳቁ ነበር፤ ከሄደ የሚቀረው የሁለት ሰው ዝምታ ነው። «አትሂድብኝ» ማለት አንዲት ቃል ናት። እሷን ከጉሮሮው ማውጣት ግን የተጣበቀ ፒስተን ከማላቀቅ በለጠበት። ስለዚህ የሚችለውን አደረገ፤ «ነገ በጠዋት ማንም ጋራዡ ውስጥ እንዳይገባብኝ» ብሎ ተኛ።

በማግሥቱ ካንዴላዎቹን ፈታ። በቀዳዳቸው ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ። ዘይትና ናፍጣ ደባልቆ ሲሊንደሮቹ ውስጥ አንቆረቆረና የተጣበቀው እስኪለቅ መጠበቅ ያዘ። መጠበቅ ደግሞ እሱ ከሚችላቸው ነገሮች ውስጥ የለም። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሞተሩ አናት ላይ ያለውን ክብ ብረት በእጁ ለማዞር ይሞክራል፣ ይሳደባል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሞተሩን «አንተ ከይሲ» ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ይሁን፣ ቀስ በል፣ ምንም አይደል» ይለዋል። ሚስቱ በበሩ ስንጥቅ ሰምታ «ለኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለች።

በእንዲህ ያለ ጭንቅ መሃል ክብ ብረቱ ድንገት የፀጉር ያህል ዞረ። አትንኩ ትንፋሹን ዋጠ። ወደዚህ ትንሽ፣ ወደዚያ ትንሽ፤ ዘይት ጨመረ፣ ደግሞ ትንሽ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሩ እያጉረመረመም ቢሆን ሙሉ ዙር ዞረ። እልል ሊል ቃጣው፤ ግን አብሮት እልል የሚል ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ ሁሉንም አባርሯቸዋል።

ከዚያ ውሃ የነካውን ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ ጠርጎ ፀሐይ ላይ አሰጣ። ሚስቱ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ሳይቀር የሞተር ዕቃ ተንጠለጠለበት፤ የእሷ እጥብ ልብስ እዚያው ባልዲው ውስጥ ቀረ። ካርቡሬተሩን ፈትቶ፣ ደለሉን አጥቦ፣ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፍቶ መልሶ ገጠመው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሞተሩን ውሃ የተሞላ በርሜል አፍ ላይ አስሮ ለመሞከር ተዘጋጀ።

«ቤንዚን አምጣ!» አለ ወደ ውጭ።

ታናሹ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ያ ጀሪካን እኮ...»

«አምጣ ነው ያልኩህ፣ አስተያየት ስጠኝ አላልኩህም።»

ታናሹ ጀሪካኑን አምጥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

እዚህ ላይ ታናሹ ሊል የፈለገውን እኛ እንበልለት፤ እሱ አልተፈቀደለትምና። በማዕበሉ ጊዜ ጀሪካኑ ጀልባዋ ውስጥ ነበር። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ክፍት ነበረች። ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ አድሮ ዓሣ ነጋዴዋ ናት ከሸምበቆው መሃል ጎትታ ያመጣችው። ይህን ታናሹ ያውቃል፣ ሚስቱ ታውቃለች፣ ዓሣ ነጋዴዋ ታውቃለች። የማያውቀው ሞተሩን የሚጠግነው ሰው ብቻ ነው።

ገመዱን ሳበ። ምንም። ደግሞ ሳበ። ሞተሩ «ትፍ» አለና ጭስ ተፋ። የአትንኩ ፊት በራ። ሦስተኛ ሲስብ ሞተሩ ተነስቶ በርሜሉን አንቀጠቀጠው፤ ውሃው በጎን በጎኑ ፈሰሰ፤ ታናሹ በሩ ላይ ሳያስበው ፈገግ አለ። ከዚያ ሞተሩ አሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ሞተ።

ካርቡሬተሩን ፈታ። ውስጡ የውሃ ጠብታ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። «ከየት መጣህ አንተ?» አለው ጠብታውን። አጠበ፣ አደረቀ፣ ገጠመ። ሳበ። ተነሳ፣ አሳለ፣ ሞተ። ፈታ። ውሃ። አጠበ፣ አደረቀ፣ ገጠመ። የሲሊንደሩ ክዳን ይሆናል ብሎ እሱንም ከፈተ፤ ደህና ነው። ገጠመና ሳበ። ተነሳ፣ አሳለ፣ ሞተ። መዳፉ ውሃ ቋጠረ። ጀርባው እንደ ዛፍ ደረቀ።

«ጋሼ...» አለ ታናሹ ደግሞ።

«እንዳትናገረኝ! እያሰብኩ ነው!»

«እሺ።»

ሚስቱ የሚበላ ነገር ይዛ ስትመጣ ጀሪካኑን አየች፤ ቀጥሎ ታናሹን አየች። ታናሹ ትከሻውን ሰበቀ። እሷም ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ባለፈው ዓመት የጎማ ቱቦ ቀዳዳ አይታ ብትነግረው «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» ብሏታል። ትክክል ነበረች፤ ቱቦው ተቀዳዶ ነበር። ይቅርታም አልጠየቃት። ያን ቀን የዋጠችውን ምላስ ዛሬም እንደዋጠችው ነው።

ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ያ ሞተር ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ብቻ ተነስቶ ሲሞትበት፣ አትንኩ አበደ። ሌላ ምንም አይባልም። እጁ የደረሰበትን አነሳ፤ መቅዘፊያው ነበር። በርሜሉን ወገረው። በርሜሉ ጓ አለ፤ መቅዘፊያው ለሁለት ተሰበረ። አትንኩ በእጁ የቀረውን ግማሽ ዱላ ትክ ብሎ አየውና አንድ ጥግ ወርውሮት ወጣ። ቤት ሲገባ ሻንጣው በሩ ሥር እንደቆመ ነው። ዞሮት አለፈ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ አትንኩ ጋራዡ ወለል ላይ ተዘርፍጦ፣ ጀርባውን ለበርሜሉ ሰጥቶ ተቀምጧል። ዕቃ አልያዘም። ዕቃ ሳይዝ ተቀምጦ ያየው ሰው ስለሌለ ታናሹና ሚስቱ በሩ ላይ ደንግጠው ቆሙ።

«በቃ» አለ። «ሞቷል። ገድላችሁታል። ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ስጡት።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አንተም ሂድ። ምን ይዤ ነው ቆይ የምልህ?»

ሚስቱ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ሄደች። ስትመለስ ባዶ የማር ብርጭቆ ይዛለች፤ ትልቅ፣ ክዳን ያለው፣ ጥርት ያለ። ጀሪካኑን አዘነበለችና ከሥሩ ብርጭቆው ግማሽ እስኪደርስ ቀዳች። ክዳኑን ገጥማ በባሏ አፍንጫ ፊት ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ማነው ንኪ ያለሽ?» አለ እሱ፣ ልማድ ሆኖበት።

«አልነካሁም። ቀዳሁ እንጂ። ዝም ብለህ እየው።»

አየው። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደፍርሶ ነበር። ቀስ በቀስ ረጋ። ከላይ ቢጫ ቤንዚን ቆመ፤ ከታች ደግሞ፣ በመሃላቸው በክር የተሠመረ የሚመስል መስመር ይዞ፣ ነጭ ውሃ ተኛ። የሐይቁ ውሃ። አንዲት የሸምበቆ ቅጠል ቁራጭ እንኳ አብራ ነበረች።

አትንኩ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ካርቡሬተሩን አጥቦ አድርቆ የሐይቁን ውሃ መልሶ በገዛ እጁ ሲያጠጣው ነበር የከረመው።

«ይሄን ማን ያውቅ ነበር?»

ቀና ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ታውቅ ነበር?» አለው ታናሹን።

«አውቅ ነበር።»

«አንቺስ?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔም» አለ የዓሣ ነጋዴዋ ድምፅ ከውጭ።

አትንኩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ። «ታዲያ ለምን አትነግሩኝም? አፍ የላችሁም? ለምንድነው የማት...»

ፊቱ የቆሙት ሁለት ሰዎች አልተቆጡም፣ አልፈሩም፤ እንዲያው ደክሟቸው ያዩታል። ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው ያላቸው። እሱ ሲጮህ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያዩት፤ እሱ ግን ሲጮህ የሰው ፊት አይቶ አያውቅም። አፈረ። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ እየጋለ አፈረ።

«ሌላ ቤንዚን ካለ» አለ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ማን ሊያመጣልኝ ይችላል?»

ታናሹ ከዓሣ አጥማጆቹ ንጹሕ ቤንዚን አምጥቶ ሞተሩ ከቤንዚን ጋር የሚጠጣውን ዘይት ራሱ ደባለቀበት። አትንኩ አየው፤ ጥርሱን ነከሰ። ካርቡሬተሩ የመጨረሻውን እጥበት ታጠበ። ገመዱ ተሳበ። ሞተሩ አሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ መጮህ ጀመረ። አልሞተም። ሚስቱ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። ዓሣ ነጋዴዋ «ተነሳ! ተነሳ!» እያለች ለሰፈሩ አወጀች።

ነገር ግን አላለቀም። ውሃ የጠጣ ሞተር ከተነሳ በኋላ ሥራ ይፈልጋል፤ ጭነት ይዞ፣ ሙቀቱ ውስጥ ለውስጥ የቀረችውን እርጥበት እስኪያደርቃት ድረስ መሮጥ አለበት። በርሜል ውስጥ አይሆንም። ሐይቁ ላይ ነው፤ ያውም አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ። ሦስት አራት ሆነው ሞተሩን እንደ ጋለ ተሸክመው ጀልባዋ ላይ ሰቀሉት። ታናሹ ዘሎ ገባ።

አትንኩ ዳር ላይ ቆሞ የመሣሪያ ቦርሳውን በሁለት እጁ ታቅፏል። ያቺን ቦርሳ ከእሱ በቀር ከምስማሯ ያወረዳት ሰው የለም። ሞተሩ መሃል ላይ ቢያስነጥስስ? ጀልባዋን አየ። ከሥሯ ያለውን ውሃ አየ። አንድ እግሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቦርሳውን ለወንድሙ አቀበለው።

«ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለ። «ብቻ...» ሊል ያሰበውን ሁሉም አወቀለት። አልጨረሰውም።

ጀልባዋ ውሃውን ለሁለት እየሰነጠቀች ሄደች። አትንኩ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ተከተላት። ደህና ናት። አሁን ፍጥነት ጨመረ፤ ደህና ናት። ትንሽ ታጉረመርማለች፤ ይህ ያለ ነው። ነፋሱ ተነሳ። ድምፁ ራቀ፣ ቀጠነ። ከዚያ ተቆረጠ።

ዓይኑን ገለጠ። ጀልባዋ ሐይቁ መሃል፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ቆማለች። ነፋሱ ቀስ እያለ ከውሃው ወደወጡት ቋጥኞች ይገፋታል።

«ይቀዝፋላ» አለ። «መቅዘፊያውን አንስቶ ይቀዝፋል።» ይህን ብሎ ሳይጨርስ ዞሮ ወደ ጋራዡ አየ። መቅዘፊያው ጋራዡ ጥግ ለሁለት ተሰብሮ ተጥሏል። የሰበረው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

«ምን እያደረገ ነው? ይታይሻል?» አላት ሚስቱን።

«ቆሟል። ወደዚህ እያየ ነው መሰለኝ።»

አዎ፣ ወደ ዳር እያየ ነው። እጁን ሞተሩ ላይ አላሳረፈም። አትንኩ ወዲያው ገባው፤ ልጁ ፈቃድ እየጠበቀ ነው። ከቋጥኙ ጋር ሊላተም ተቃርቦ፣ ቦርሳው እግሩ ሥር እያለ፣ ጢም ያበቀለ ወንድሙ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እሱን ይጠብቃል።

አትንኩ ሮጠ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ፣ ጉልበቱ ደረሰ፣ አለፈ፤ ጭቃው ጫማውን ዋጠው። ወገቡ ድረስ ገብቶ ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገና ሳንባው እስኪቀደድ ጮኸ።

«ንካው! ኮፈኑን ክፈተው! ንካው አልኩህ እኮ! ንካው!»

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ዓሣ ነጋዴዋ ሣጥኗ ላይ ወጥታ አብራው መጮህ ጀመረች። ሚስቱም ጮኸች፤ ዓሣ አጥማጆቹም። ሐይቁ ዳር በሙሉ «ንካው!» ሆነ። ነፋሱ ያድርሰው አያድርሰው ማንም አላወቀም። ብቻ ያቺ ነጥብ ላይ የቆመው ሰው ጎንበስ አለ።

አትንኩ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። ከዚህ በፊት መጠበቅ አይችልም ብለን ነበር፤ ዛሬ ቻለ። ቋጥኞቹን አያይም፣ ጀልባዋን አያይም፣ ጆሮውን ብቻ ቀስሮ ቆሟል። አንዴ «ትፍ» የሚል ድምፅ መጣ። ቆይቶ ደግሞ። ከዚያ ያ የሚያውቀው ድምፅ፣ ቀጥ ያለው፣ ጤነኛው፣ ሐይቁን ሞላው።

ታናሹ ወዲያው አልመጣም። ሥራው አላለቀማ። እርጥበቱ እስኪደርቅ ድረስ ሐይቁን ሲዞር ቆይቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳር ደረሰ። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በዘይት ጠቁሯል። ወንድሙ ሱሪው ላዩ ላይ እየደረቀ እዚያው ቆሞ አገኘው።

«ምን ነበር?» አለ አትንኩ።

«አንደኛው ካንዴላ ውሃ ይዞ ነበር። ፈትቼ አደረቅኩት። የቤንዚን ቱቦው ውስጥም ጠብታ ቀርታ ነበር፤ ነፋሁት።»

«በአፍህ?»

«በአፌ።»

አትንኩ ብዙ የሚለው ነበረው። ቱቦ እንዴት እንደሚነፋ ብቻ ጧት ጀምሮ ማታ የማያልቅ ንግግር ያውቃል። ዋጠውና «እኔም በአፌ ነው የምነፋው» አለ።

«ማርሽ ሳስገባ አንድ ድምፅ አለው» አለ ታናሹ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ዘይቱ ውስጥ ውሃ ሳይገባ አልቀረም። ነገ ከፍተን ብናየው ይሻላል።»

«ነገ አውቶቡስ አለብህ አይደል?»

ታናሹ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። «አውቶቡስ በየቀኑ አለ ጋሼ። ማርሹን እንጨርሰው። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ጠባይህ ነው።»

አትንኩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ ወደ ቤት አዘገሙ። በሩን ሲገፋው ሻንጣው በቦታው የለም። ውስጥ ሲያይ የወንድሙ ሸሚዞች አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

«ሻንጣውን ማነው የነካው?» ብሎ ጮኸ፣ አፉ ቀድሞት።

ሚስቱ ከውስጥ ወጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እኔ ነኝ የነካሁት። ምነው?»

አትንኩ ሸሚዞቹን አየ፤ ከኋላው በር ላይ የቆመውን ወንድሙን አየ።

«ጎበዝ» አለ።